ጨዋታውን ጥሎ ቀብርሽ ውስጥ የወረደው

እማ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፣ አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ።

ካንቺ ከተለየሁ ረመዳን መጥቶ ሄደ፣ ዒዱም አለፈ። ቢካው ላይ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ማለቴ ነው፣ ሰው ሁሉ «ይቀልሃል» ብሎኝ ነበር። ወላሂ አልቀለለኝም። ሊቀለኝ ቀርቶ ገና ድንግጥ እንዳልኩ ነኝ። መሞትሽ ብቻ አይደለም። እሱንማ ሶባ ሆስፒታል ሐኪሙ ዓይኔን ማየት ሲያቅተው አውቄዋለሁ። ያስደነገጠኝ ከዛ በኋላ የመጣው ነው፣ አንቺ ዕድሜዬን ሙሉ እያወቅሽ ሳትነግሪኝ የሄድሽው።

ቆይ፣ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ክፍላችንን አልለቀቅኩም። ቶብሽ፣ ያ የምትከናነቢው፣ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፣ ማንም አይነካውም። ያ ሲንገጫገጭ የነበረው ማራገቢያ ተሠራ፤ ባለሙያ ነን ያሉት «ጣለው» ያሉትን እኔ ነኝ አስነስቼ ያስሮጥኩት። ባሕሪ ሰፈር ወርሻው፣ ጋራዡ ውስጥም ከባድ ሞተር ሲመጣ አለቃዬ አሁን እኔን ነው የሚጠራው። በጆሮው ብቻ ሞተር የሚያውቅ ሰው ባሕሪን ብትዞሪው አታገኚም። «ምላስህ ግንበኛ ቢሆን ፎቅ ይኖረን ነበር» ትይኝ ነበር አይደል? አሁን እንደዛ የሚለኝ የለም። ዝም ብዬ አወራለሁ፣ የሚያቆመኝ የለም።

ይሄን ደብዳቤ ፌስቡክ ላይ እለጥፈዋለሁ። የኔን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ ግን ሰው ያነበዋል። የማያውቀን ሰው እንዲገባው የምታውቂውንም ልደግመው ነው፣ ታገሺኝ።

አንቺ ከወሎ መጥተሽ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ የፓኪስታን ነጋዴዎች ቤት ተቀጠርሽ። አባቴ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ እኔ ዳዴ ሳልል መንገድ ላይ ቀረ። እኔና አንቺ ጓሮ፣ እነሱ ትልቁ ቤት። የአሠሪሽ የማዳም ልጅ ዘይድ ከኔ በትንሽ ወራት ነው የሚያንሰው። አብረን ነው ያደግነው። አማርኛ የሚናገረው እንዳንቺ ነው፣ ወሎዬ ሆኖ።

ክሪኬት ነፍሱ ነበር። ዱላውን ይዞ ይቆማል፣ ከኋላው ሦስት እንጨት ተተክሏል፣ እኔ ኳስ እወረውራለሁ። ኳሱ እንጨቱን ከመታ መቺው ይወጣል፤ ካልመታ እስኪመሽም ቆሞ መምታት ይችላል። አንቺ ሦስቱን እንጨት ጉልቻ አልሻቸው። ልብስ እያሰጣሽ «ዘይዴ፣ ጉልቻህን ጠብቅ» ትይዋለሽ። ለኔ አንድ ቀን «ሰዒዴ፣ ጉልቻውን ምታበት» ብለሽኝ አታውቂም። ያበግነኝ ነበር። ይቺ ሴትዮ የማን እናት ናት እላለሁ በሆዴ። ያም ሆኖ ስንት ጊዜ አስወጥቼዋለሁ። እሱ ዛሬ የዓለምን ፈጣን ወርዋሪ ሁሉ የሚመታው የኔን ኳስ ስለለመደ ነው። እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለበት።

ከዛ ውጭ ሀገር አጎቱ ጋ ለትምህርት ላኩት። እዛ አዩት፣ ለወጣት ቡድን ወሰዱት፣ ቀጥሎ ለዚያው ሀገር ብሔራዊ ቡድን። የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ አንድም ነጥብ ሳያገባ ወጣ፤ አንቺ ራት አልበላሽም። በኋላ መቶ ነጥብ መታ፤ ማዳም ጣፋጭ ስታድል አንቺ ወጥ ቤት ገብተሽ አለቀስሽ። እሱ ሊመታ ሲቆም ካውያውን አስቀምጠሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ታዞሪያለሽ፣ «አለፈች?» ብለሽ እኔን ትጠይቂያለሽ። ኳሷ ከሄደች በኋላ ነው ዞር የምትይው። እኔ ደግሞ «ሞተ፣ ወጣ» እያልኩ አስደነግጥሽ ነበር።

እንግዲህ ሶባ ስትተኚ እሱ ዐረብ ሀገር፣ ገልፍ፣ እየተጫወተ ነበር፣ አምስት ቀን የሚፈጀውን ጨዋታ። አንደኛው ቀን ሲመሽ ዘይድ አልወጣም፤ ማለት ጠዋት ካቆመበት ይቀጥላል። መቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለመቺ መቶ ማለት ሠርግ ነው። ጠዋት ሜዳው ላይ ዘይድ የለም። በሱ ቦታ ሌላ ሰው ዱላ ይዞ ወጣ።

እኔ ይሄን አላውቅም። እኔ ያን ቀን አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ አንቺን ተሸክሜ ነበር።

ጎረቤቶቻችን ቆፍረው ጨርሰዋል። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት፣ በኋላ ነው። እኔ ቀብሩ ውስጥ ወርጃለሁ። ኢማሙ «ሌላ የቅርብ ዘመድ ይውረድ» አለ። ማን አለሽ? ወንድሞችሽ ወሎ ናቸው። ያኔ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ቀና ስል ዘይድ ነው፣ የቡድኑን ቱታ እንደለበሰ፣ ፊቱ አቧራ በአቧራ ሆኖ። ጫማውን አውልቆ ሊወርድ እግሩን ሲሰድ ደረቱን ይዤ ገፋሁት። «አንተ ምኗ ነህ? የአሠሪ ልጅ እዚህ አይወርድም» አልኩት። በሰው ፊት።

«ጡቷን ጠብቻለሁ» አለኝ፣ በአማርኛ። «እናቴ ትናንት ማታ ደውላ ነው የነገረችኝ። ሰዒድ፣ አሳልፈኝ።»

ኢማሙ ምን አለ ሲል ጆሮው ላይ በዐረብኛ ደገመው። ኢማሙም ዝቅ ባለ ድምፅ «የጡት ልጅም ልጅ ነው፣ ይውረድ» አለ፣ ልክ የታወቀ ነገር እንደሆነ። እኔ እጄ አየር ላይ እንደቀረ ነው። እሱ በራስጌሽ፣ እኔ በግርጌሽ ሆነን አስተኛንሽ። እማ፣ አንቺን እየቀበርኩ ያሰብኩት አንቺን አልነበረም። ማነው ይሄ ሰውዬ እያልኩ ነበር። እጄን ይዞ ከጉድጓዱ ያወጣኝ እሱ ነው።

የቀረውን ማዳም ቢካው ላይ በጆሮዬ ነገረችኝ። ዘይድን ወልዳ ታመመች፣ ጡቷ ደረቀ፣ ልጁ የቆርቆሮ ወተት ያስመልሰዋል። አማቷ ደግሞ «ወተት የሌላት ሚስት ምን ታደርጋለች፣ ለልጄ ሌላ እፈልግለታለሁ» እያሉ። አንቺ ጓሮ እኔን እያጠባሽ ነው። ልጁን በጋቢ ሸፍና አመጣችልሽ። አጠባሽው፣ ጥርስ እስኪያወጣ። ለማንም አልናገርም ብለሽ ማልሽላት። አማቷ ሞቱ፣ ባሏ ሞተ፣ አንቺ መሐላሽን ይዘሽ ቀረሽ። ለኔ እንኳን። እና እኔ ግማሽ ነዋ የጠባሁት። እሱ እንደዛ ረዝሞ እኔ እንዲህ ያጠርኩት ለዚህ ነው ለካ። እስቃለሁ መሰለሽ? ይቺን መስመር ሦስቴ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።

ዘይድ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘሁት። «ለምን ጥለህ ሄድክ ካሉኝ እናቴ ሞታ ነው እላቸዋለሁ፣ ሌላ አልጨምርም» አለኝ። «የጡቱን ነገር የምትናገረው የወለደችኝ ናት። እስክትናገር አንተም አፍህን ዝጋ።» እኔን። አፍህን ዝጋ።

ቡድኑ ተሸነፈ። ጋዜጠኞቹ ማዳም ከዛ ወዲህ ዘመድ ሠርግ ላይ የተነሳችውን ፎቶ አገኙ፣ «ሞተች ያላት እናቱ ይቺትና» ብለው አወጡት። ዘይድን ከቡድኑ አስወጡት። በዚያ ሀገር ፊት ለፊት ውሸታም እያሉ ይጮሁበታል። አንድ ቃል አልመለሰም።

ወርሻው ውስጥ ስንቱ የክሪኬት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ። ቀለም ቀቢው ከሪም፣ ባንግላዴሹ፣ ስልኩን አምጥቶ «ጓደኛህ እናቱን በቁሟ ቀበራት» አለኝ። «አልዋሸም፣ ቀብር ላይ አይቼዋለሁ፣ የኔን እናት ነው የቀበረው» አልኩ። ሳቁ በሳቅ ሆነ። «ትናንት እኔ ነኝ ያስተማርኩት አልክ፣ ዛሬ እናቴን ቀበረ አልክ፣ ነገ ደግሞ ወንድሜ ነው ትለናለህ» አለ ከሪም። እማ፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ውሸት ስጨምር ሰው ይሰማኝ ነበር፤ እውነቷን ስይዝ መናገር አልተፈቀደልኝም፣ ብናገርም የሚያምነኝ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ማዳም ወርሻው መጣች። አስቢው፣ ማዳም፣ በዚያ ሁሉ ዘይት ላይ፣ በነጭ ጫማ። «ያላ፣ መኪናው ውስጥ ግባ» አለችኝ። ካርቱም ሁለት ሳሎኗ ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ ካሜራ ተክሎ ተቀምጧል። ማዳም ቁጭ አለችና በራሷ ቋንቋ ተናገረች። ሀዋ፣ ሀዋ የሚለው ስምሽ ብቻ ነው የገባኝ። ድምጿ አንዴም አልተሰበረም። ሲያልቅ ወደኔ ዞራ በዐረብኛ «ልጄ በኔ ምክንያት ውሸታም ተባለ። አንተ ካርቱምን በወሬ ያሰለቸህ፣ በል አሁን ተናገር» አለችኝ።

ካሜራው ዞረብኝ። ጋዜጠኛው ስሜን ጠየቀኝ፣ ወላሂ ስሜ ጠፋኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። «እውነት ነው?» ሲለኝ ነቀነቅኩ። «ቀብር ውስጥ ወርዶ ነበር?» ነቀነቅኩ። ኻላስ፣ በቃ፣ ያ ነው የኔ ምስክርነት። ወንድሜ በሰው አፍ ተሰቅሎ እኔ አንገቴን ብቻ ነቅንቄ ወጣሁ። ስመለስ ሃፍላው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ነው ቃሉ ሁሉ የመጣልኝ።

ስለዚህ አሁን እዚህ ላይ እላለሁ፣ ማንም ያንብበው። እኔ ሰዒድ፣ የሀዋ ልጅ፣ የዓለም ጉረኛ፣ ይቺን አልጨመርኩባትም። ዘይድ አልዋሸም። እናቱ ሞታ ነው የሄደው። መቶውን ጥሎ መጥቶ በእጁ አፈር አልብሷታል። እኔ ገፍቼው እንኳን አልተመለሰም።

የማዳም ቃል ከወጣ ወዲህ የቡድኑ አለቃ ደውሎለታል አሉ። መልሰው ይውሰዱት አይውሰዱት ገና አልታወቀም። እሱ «ቢቀርም አልጸጸትም» ብሎኛል፣ ድምፁ ግን ይጸጸታል። ስለዚህ እማ፣ እዛ ሆነሽ ዱዓ አድርጊለት፤ እኔ አልከፋም፣ እንደድሮው እሱን አስቀድሚ።

አርብ አርብ እመጣለሁ፣ ፋቲሃ እቀራልሻለሁ፣ እኔ እስካለሁ ቀብርሽ ላይ አረም አይበቅልም። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ እጃቸውን ዘርግተው «ልጆቿን አላህ ያጽናቸው» ይላሉ። በፊት፣ ምስጢሩን ይዤ ሳለሁ፣ «ልጇ እኔ ብቻ ነኝ» ብዬ አርማቸው ነበር። አሁን አሚን ነው የምለው።

ልጅሽ ሰዒድ