ሦስት ጊዜ ስልክ የዘጋሁብዎት ሰውዬ

ውድ ወይዘሮ ሎርና፣

ሦስት ጊዜ ስልክ የዘጋሁብዎት ሰውዬ ነኝ። በሦስተኛው «አንቺ ሌባ፣ ሥራ ፈልጊ» ያልኩትም እኔው ነኝ። ይቅርታውን በስልክ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ግን እርስዎም በተራዎ ቢዘጉብኝ ምን ይውጠኛል? ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ብዬ ቁጭ አልኩ።

ደግሞስ ማን ያምናል? እዚህ ነብራስካ ገጠር ውስጥ «ከግዛቱ ግምጃ ቤት ነው የምደውለው፣ የእርስዎ የሆነ ንብረት እኛ ጋ አለ» የሚል ሰው ከመጣ፣ ወይ አጭበርባሪ ነው፣ ወይ ምርጫ ደርሷል። ሁለቱን ደብዳቤዎችዎንም ሳልከፍት ከቆሻሻው ጋር በርሜል ውስጥ አቃጥያቸዋለሁ። ጎረቤቴ ሜልቪን «ግምጃ ቤት ሲወስድ እንጂ ሲመልስ አይቼ አላውቅም» ሲል፣ እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ እስማማ ነበር። አሁን እሱ ራሱ በጋዜጣ የምታወጡትን የባለንብረቶች ዝርዝር ከቁርሱ በፊት ያነባል፤ ስሙን እስካሁን አላገኘም፣ ተቀይሟችኋል።

እኔን ግን የሚያሳፍረኝ የስልኩ ነገር አይደለም። የሚያሳፍረኝን ልንገርዎት።

እናቴ አልቢና ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መጦሪያ ቤት ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት። ከገና ወዲህ በሄድኩ ቁጥር እጄን ትይዝና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች። «ዴልማር፣ ያንን ልጅ የት አደረጋችሁት?»

«የቱን ልጅ፣ እማዬ?»

«የኔን ልጅ ነዋ። አባትህ ይዞት የወጣውን።»

እኔ የማውቀው እኔንና እህቴን ዶሪስን ነው። አባቴ ኤሚል ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። እርጅና ነው አልኩና «እማዬ፣ ሕልም ነው፣ ልጅ የሚባል የለም» አልኳት። አንድ ቀን ቢሆን ምን ነበረበት፤ ወራት ሙሉ እንደዚያ አልኳት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ልጄን ሳላገኝ እሞታለሁ ብላ መፍራቷ ነበር፣ እኔ ግን አልገባኝም።

ከዚያ የአውራጃችን የከብት ትርዒት ደረሰ። እርስዎም በስልክ ስላልቻሉኝ ጠረጴዛዎን ጭነው መጡ፤ በፓይ መጋገር ውድድሩና በዘር ሻጮቹ መሐል ተቀመጡ። እኔ በረት ውስጥ ጊደሬን እያጠብኩ ሳለ በድምፅ ማጉያው ተለፈፈ፦ «ዴልማር ኮቫሪክ፣ ዴልማር ኮቫሪክ፣ ግምጃ ቤት ይፈልግሃል።» በረቱ ውስጥ ያለው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ። ሜልቪን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በል ሂድ፣ እስክትፈታ ጊደሯን እኔ አሳድጋታለሁ» አለኝ።

በንዴት ጦፌ፣ እበት በነካው ቦት ጫማዬ ፊትዎ ቆምኩ።

«ስንት ልትቀበይኝ ነው?» አልኩ፤ ሰላምታ እንኳን የለም።

«ምንም አይከፈልም፣ አቶ ዴልማር።»

«እንግዲያ አንቺ ዋናዋ ሌባ ነሽ።»

«ሌባ ብሆንማ በዚህ ሙቀት እዚህ ምን ያስቀምጠኛል?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ። አባቴ ሌላ ከተማ ባንክ ውስጥ የአደራ ዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን ተከራይቶ እንደነበር፣ ባንኩ ሲዘጋ ያለው ዕቃ ወደ እናንተ እንደመጣ ነገሩኝ። «የሚሸጥ ነገር የለበትም» አሉኝ፤ «አንድ የቆመ ሰዓትና አንድ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ ለዘላለም አይቀመጥም፣ ጊዜው ሲደርስ ይወገዳል። ስመዘግብ ወረቀቱን አነበብኩት፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም።»

«ምን ይላል?»

«ወራሽ መሆንዎን ሳላረጋግጥ መናገር አልችልም። ግን እናትዎ አሉ?»

«አለች።»

«እንግዲያ አይዘግዩ።»

ሰኞ ዕለት የአባቴን የሞት ወረቀትና የልደት ወረቀቴን ይዤ ሁለት ሰዓት ነድቼ ሊንከን ከተማ ቢሮዎ መጣሁ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ሰዓቱንና ወረቀቱን ሰጡኝ። የመቃብር ቦታ ደረሰኝ ነው፣ የአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት። «ሩዶልፍ ኮቫሪክ፣ ዕድሜ አንድ ቀን። ስድስተኛ ረድፍ፣ ቁጥር አሥራ አንድ።» እኔ ከመወለዴ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ያን ጊዜ እርስዎ «ቅጂ ላንሳልዎት» ብለው ወጡ፤ ወረቀቱ ግን እጄ ላይ ነበር። ብቻዬን እንዳለቅስ ብለው እንደወጡ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ውለታዎን አልረሳውም።

ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ እናቴ ጋ ሄድኩ። «እማዬ፣ ሕልም አይደለም። ልክ ነበርሽ፣ ይቅር በይኝ» አልኳትና አነበብኩላት።

«ሩዶልፍ ይላል?» አለችኝ።

«ይላል።»

«የአባቴ ስም ነው። ወንድ ከሆነ እንዲህ እንበለው ብዬ አንዴ ብቻ ነግሬው ነበር። ኤሚል ሰምቶኝ ኖሯል።» ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። በመድኃኒት አስተኟት፤ ስትነቃ ልጁ የለም፣ «ባልሽ ይዞት ወጣ» ብቻ አሏት። ሐኪሙ «ሌላ ትወልጃለሽ፣ የዚህን ነገር አታንሺው» አላት። አባቴም የሚረሳት መስሎት አፉን ዘጋ፤ ወረቀቱን ግን መጣል አልቻለም።

ዶሪስ ኮላቼ፣ ያንን ፍራፍሬ የሚሞላበትን ጣፋጭ ዳቦ፣ ጋግራ ልካለች፤ ሳይደርቅ ብሉት። ስጦታ አንቀበልም እንደሚሉ አውቃለሁ፣ ለቢሮው ሁሉ ነው፣ ካልሆነም ለጥበቃው ይስጡት።

እሑድ ሦስታችን ወደ መቃብሩ ሄድን። ስድስተኛውን ረድፍ አገኘነው፤ ድንጋዩ ትንሽ ነው፣ ሣር ውጦታል። በኪስ ቢላዬ ፊደሉን ጠረግኩት። እናቴን በተሽከርካሪ ወንበሯ ዶሪስ እየገፋች አቀረበቻት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ዞር ብላ አየችኝ።

«ባርኔጣህን አውልቅ እንጂ» አለችኝ። «ታላቅህ ነው።»

አወለቅኩ። ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ሎርና፤ የእርስዎንም ልጆች ይጠብቅልዎት።

ዴልማር ኮቫሪክ
የአልቢና ሁለተኛ ልጅ