ዓርብ ዓርብ የማይወጣው ኮከብ

ዓለሜ ደምሰው፣

ይህን የምጽፍልህ አንገቴን ደፍቼ ነው። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስምህን ጠርቼ አልቅሻለሁ እንጂ ተሸማቅቄ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን እሱም ደረሰብኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን ማህሌት በቁመት አልፋኛለች። ካፖርትህን እጅጌውን አሳጥራ ለብሳው ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ደብረ ብርሃን ያው ደብረ ብርሃን ናት፤ ውርጩ የጎረቤቶቻችንን ባቄላ ዘንድሮም መታው። አባትህ ቄስ ወልደ ሰንበት ጉልበታቸው ቢደክምም ቅዳሴ አያስታጉሉም። ዲሹም እዚያው አንኮበር፣ በእሳቸው ግቢ፣ አንተ እንዳቆምኸው ቆሟል። ላወራህ የፈለግሁትም የእሱን ጉዳይ ነው።

አንድ ሆቴል የጣለውን ያን ትልቅ ዲሽ በአይሱዙ ጭነህ ስትወስድ "መምህሩ ገደል አፋፍ ላይ ቴሌቪዥን ሊያይ ነው" ብለው ስቀውብህ ነበር። አንተ ግን የፈለግኸው የሰማዩን ሬዲዮ ነበር። ገና ስንጋባ ነግረኸኛል፤ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው በገዛ ጓሮው ዲሽ ሠርቶ፣ ከከዋክብት መካከል የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ብቻውን እየለካ፣ የሰማይን ካርታ እንደሣለ። ያኔ ገባኝ ያልሁህ እንዲሁ ነው። የገባኝ አንኮበር ላይ ነው። ዲሹን ወደ ደቡብ አዙረህ በአንድ ከፍታ ታቆመዋለህ፤ ምድር ስትዞር ሰማዩ ራሱ በፊቱ ያልፋል። በማግስቱ ትንሽ ዝቅ ታደርገዋለህ። "ጥሩዬ፣ እርሻ እኮ ነው፤ ትልም በትልም" ትለኝ ነበር። እኔ የሒሳብ አስተማሪዋ ደግሞ ቁጥሩን በላፕቶፕ ወደ ቀለም እለውጥልሃለሁ። የከዋክብቱ ጎዳና ፍኖተ ሐሊብ ካርታው ላይ እንደ ወንዝ ተጋድሞ የወጣ ዕለት፣ ጋቢህን ለሁለታችን አልብሰህ ስታየው ቆየህ። ያለቀስህ መሰለኝ፤ አልጠየቅሁህም።

በመጨረሻዎቹ ትልሞች ላይ፣ ከፍኖተ ሐሊብ ርቆ፣ ብቻውን የሚያበራ አንድ ነጥብ ወጣ። በታወቁት ካርታዎች ላይ ብንፈልግ በቦታው ምንም የለም። "አዲስ ነገር ነው?" ብልህ "ደግሜ ሳላየው አልናገርም" አልህ። ለመድገም አልታደልህም። በዚያው ሳምንት ልብህ ከዳህ።

ያ ነጥብ የሐዘኔ መጽናኛ ሆነ። "ባሌ ኮከብ አግኝቶ ነው የሞተው" ማለት ጀመርሁ። መጀመሪያ ለማህሌት፣ ቀጥሎ ለአባትህ፣ ከዚያም ለጎረቤታቸው ለሰኢድ ነገርሁ። የዲሹን መቆሚያ የበየደልህ ሰኢድ ደግሞ ብየዳ ቤቱ ለመጣ ሁሉ "ወዳጄ፣ አላህ ይርሀመው፣ ስሙ ሰማይ ላይ ተጽፏል" ይል ነበር። ማን ይጠራጠር? የነገርኋቸው እኔ፣ ሚስትህ።

ባለፈው ግንቦት ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀን ሲያከብር ካርታውን በትልቁ አሳትሜ ቀረብሁ። አዳራሹ ሞልቷል። አባትህን ከአንኮበር አስመጥቼ ከፊት አስቀምጫቸዋለሁ። ነጥቡን በጣቴ እያሳየሁ "ይህ የደምሰው ኮከብ ነው" አልሁ። ተጨበጨበ። አባትህ ተነሥተው አማተቡ። ከእንግዶቹ መካከል ከአዲስ አበባ የመጣች የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበረች፤ እጇን አወጣችና በለሰለሰ ድምፅ "በየቀኑ ይቀድማል?" አለችኝ።

ጥያቄው እስኪገባኝ ጥቂት ቆየሁ። የሰማይ የሆነ ነገር በየዕለቱ ከትናንቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይመጣል። የእኛን ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ከሆነ ግን የምድር ነገር ነው። ይህንን ለተማሪዎችህ ስታስረዳ ስንቴ ሰምቼሃለሁ! "እሱን አላየሁም" አልሁ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። ካርታውን ጠቅልዬ ስወርድ አባትህ ነገሩ ሳይገባቸው በፈገግታ ተቀበሉኝ። ደሜ፣ ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ክረምቱን አንኮበር ገባሁ። ጉሙ፣ ዝናቡና የቀኑ ብርሃን ዓይንን ይከለክላሉ እንጂ ሬዲዮን አይከለክሉም። ዲሹን በዚያው ከፍታ አቁሜ ጠበቅሁ። ነጥቡ መጣ። በማግስቱም መጣ፤ ግን አልቀደመም፤ ሁልጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ ነው። ዓርብ ቀረ። ቅዳሜ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ ቀረ። ዓርብ ዓርብ የማይወጣ ምን ዓይነት ኮከብ ነው እያልሁ በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሳይ፣ ዓይኔ የሰኢድ ብየዳ ቤት ላይ ዐረፈ።

መብራቱ ሁለቱን ስለማይችል ሰኢድና ወፍጮ ቤቱ ተስማምተው ነው የሚሠሩት። ወፍጮው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲቆም እሱ መበየድ ይጀምራል፤ ሶላት ሲደርስ ያቆማል። ዓርብ ለጁምዓ አልዩ አምባ ይወርድና እዚያው ከቤተሰቡ ጋር ይውላል። የብየዳ ብልጭታ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል፤ በመጨረሻዎቹ ትልሞች ደግሞ ዲሹ ዝቅ ብሎ ወደ እሱ ቤት ያይ ነበር። ኮከባችን የሰኢድ ብየዳ ነበር።

ሄጄ ነገርሁት። የብየዳ መነጽሩን አውልቆ እንደ ልጅ አለቀሰ። "ወላሂ፣ እኔ ነኛ ያበላሸሁበት!" አለ።

"አንተ ምን አደረግህ፣ ሰኢድ? እሱ ደግሜ ልየው ብሎ ነበር። የቸኮልሁት እኔ ነኝ" አልሁት።

እንባውን ጠርጎ "እስክትጨርሺ አልበይድም፤ የሚሞረደውንና የሚቀባውን እሠራለሁ" አለኝ። ቃሉንም ጠበቀ። እነዚያን ትልሞች አንድ በአንድ እንደ አዲስ ለካሁ። ቦታው ባዶ ሆኖ ወጣ።

ከሁሉ የከበደኝ ለአባትህ መንገር ነበር። ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠብቄ "አባ፣ ኮከብ የለም። እኔ ነኝ ያሳሳትኋችሁ" አልኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው "ልጄ፣ እኔ ደምሰውን የወደድሁት ኮከብ ሳይኖረው ነው። አሁን ሄደሽ ላጨበጨቡልሽ ሰዎች ንገሪ" አሉኝ።

ትምህርት ሲከፈት በጠዋቱ ሰልፍ ፊት ቆሜ ተናገርሁ። "ያሳየኋችሁ ኮከብ አልነበረም። መምህር ደምሰውም ኮከብ አገኘሁ አላለም፤ ያልሁት እኔ ነኝ።" አሁን የሳቀ የለም፤ እኔን ላለማየት ማቀርቀራቸው ግን ከሳቁ የባሰ ሆነብኝ። ለተመራማሪዋም ደወልሁላት። የመጀመሪያዎቹ የሰማይ ለኪዎችም በሬዲዮ ብዙ የሌለ ነገር ቈጥረው፣ ደግመው ሲያዩ እንደጠፋባቸው አጫወተችኝ። የአንተን ፍኖተ ሐሊብ ከሌሎች ካርታዎች ጋር አስተያይታ "ልክ ነው፤ በጥንቃቄ የተለካ ነው" አለችኝ።

በዚህ ደስ ልሰኝ ሲገባኝ ይበልጥ አፈርሁ። ለካ ልክ የሆነው ሥራህ ሁልጊዜም ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ነበር። እኔ ግን የሠራኸው አልበቃኝ ብሎ፣ ያልሠራኸውን ጨመርሁበት። እስከ ዛሬም በትምህርት ቤቱ በር ሳልፍ ቀና ብዬ መሄድ ያቅተኛል።

አሁን ከማህሌት ጋር አንተ ያልደረስህበትን የሰሜኑን ሰማይ ጀምረናል። ቅዳሜና እሑድ አንኮበር እንወጣለን። ዲሹን የምታዞረው እሷ ናት፤ እኔ ሁሉን ነገር ደጋግሜ ስለማይ "እማዬ፣ በቃ እኮ!" እያለች ትቆጣኛለች። ስለ አንተ ስትጠይቀኝም እንዲሁ ነኝ። ሲያዛጋ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር እላታለሁ፤ በጨዋታ ሲሸነፍ ያኮርፍ ነበር፤ ከገደል አፋፍ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ለክቶ ነበር። ቀሪውን ዕድሜዬን እንደነበርህ አድርጌ አስብሃለሁ፤ አንዲት ነገር አልጨምርብህም።

ጥሩወርቅ