ከዳኝነት ወንበር ወርጄ

ቀይራዋን፣ አዳር ወር በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓለም ከተፈጠረ በ4801 ዓመት

ልጄ ጀውሃራ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ላንድም ደብዳቤዬ መልስ ባትሰጪኝም፣ ፓሌርሞ በደህና እንዳለሽ አጎትሽ ይጽፍልኛል። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ተቀምጠሽ አንብቢው። ባሕር ወጥቶ የጠፋው ባልሽ ኸሉፍ ሞቷል።

ባለፈው ወር ጨርቅ ልገዛ ገበያ ብወጣ፣ ሁለት ሙስሊም መርከበኞች ሱቁ በር ላይ ያወጋሉ። እኔን ልብም አላሉኝ። አንዱ፣ "መርከባችን ስትሰበር፣ ያንን ግራ ጆሮው የተሰነጠቀ የቀይራዋን አይሁዳዊ፣ ኸሉፍን፣ ባሕሩ በሦስተኛው ቀን ተፋው። በእጄ ቀበርኩት። ደግ ሰው ነበር፤ ደረቅ ዳቦውን ያካፍለኝ ነበር" አለ።

ሕጋችን ሌላ ሃይማኖት ያለው ሰው ሳይጠየቅ በወግ መሐል የተናገረውን እንደ ምስክርነት ይቀበላል። ግን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሰዎቹም በማግሥቱ ወደ ማህዲያ ወደብ ወርደዋል።

"አባዬ፣ አንተ ዳኛ አይደለህ? ነጻ ነሽ በለኝ እንጂ!" ብለሽ ከመሄድሽ በፊት ስታለቅሺ፣ "የባል ሞት ሳይመሰከር ለማንም ሴት ያልፈቀድኩትን ዳግም ጋብቻ ለልጄ አልፈቅድም" ብዬሽ ነበር። አሁን ምስክሩ እኔው ሆንኩ። ዳኛም ምስክርም መሆን ስለማይቻል፣ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበትን ወንበር ለባልደረባዬ ለኤልያቄም ለቅቄ ቆሜ መሰከርኩ። ሦስቱ ዳኞች ነጻ ነሽ ብለው ፈረሙ።

ያን ጊዜ ሙዕታዛ፣ ባሏ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። "ረቢ፣ እኔን 'ጠብቂ' አሉኝ። ለልጅዎ ሲሆን ጆሮዎ እንዴት ሰላ!" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ አልወጣሁም። ከአሚሩ ጽሕፈት ቤት "የአይሁድ አለቃ አሁን ማነው?" ብለው ሲልኩብኝም የኤልያቄምን ስም ሰጠሁ። ደጄን የሚያንኳኳ የለም። በሰንበት ሁለቱን ዳቦ ባርኬ ብቻዬን እቆርሳለሁ፤ አንዱ ሳይነካ ይደርቃል።

አንቺም "እውነት ሰምቶ ነው?" ትይ ይሆናል። ልጄ፣ ሰምቻለሁ። ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነው። ኸሉፍን እንደ ልጄ እወደው ነበር፤ ሞቱን ስሰማ ግን፣ ገና ሐዘኑ ሳይደርስብኝ፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። አንቺ ነጻ ወጣሽ ብሎ።

ሰባት ቀን አልቅሺለት። የዳኞቹ ጽሑፍ ከዚህ ጋር አለ፤ ደህና ሰው ከጠየቀሽ እሺ በዪ። ለእኔ ብለሽ ባሕር አትሻገሪ። መርከቦቹ ከፋሲካ በኋላ ይነሳሉ ይላሉ፤ ከማህዲያ እስከዚህ ደግሞ መንገዱ ሰላም ነው። እንዲያው እንድታውቂው ያህል ነው።

የርብቃና የልያ አምላክ ቤትሽን ይሙላው፤ ሐዘንሽንም ያሳጥረው።

አባትሽ
ሳዶቅ