የተቃጠለ የተቃጠለ የምትሸተው መኪና

ይድረስ ለአባቴ፣ ለመጀመሪያው አለቃዬ።

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ? ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎ አሁንም ‹‹ክላቹ አልይዝ አለኝ›› ያሰኝዎታል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘውን ቅባት መቀባት ጀመሩ? የእናቴ ሳልስ ለቀቃት? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ ‹‹አንተ ደንቆሮ፣ ብሎኑን እንዲህ አታጥብቀው!›› የሚለኝ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ አንድ ሽታ ነው። ነገሩ ቢያስቅም እሳት አለበት፤ የእኛንም ቤት ስለሚነካ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

እርስዎ ያስተማሩኝ ሙያ እዚህ እያረጀ ነው። ወደ ጋራዡ ከሚገባው መኪና ግማሹ የኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ዘይት አይቀየርለት፣ ካንዴላ አይጸዳለት፣ አይጮኽ፣ አያጨስ። ኮፈኑን ከፍቼ ስገባ ብርቱካንማ ሽቦ ይጠብቀኛል፤ እሱን ያለ ጓንት የነካ ደግሞ ወሬ ነጋሪም አይሆን። ስለዚህ የጋራዡ አለቃዬ ኮምፒውተር የሚያነብ ባለሙያ ቀጠረ። ኮምፒውተሩን ከመኪና ጋር የሚያገናኝበትን ገመድ አንገቱ ላይ አጥልቆ ስለሚዞር ‹‹ዶክተር›› እንለዋለን። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ብቻ ኮምፒውተሩ ካልነገረው ዝናብ እየወረደበትም ዘነበ አይልም።

ባለፈው ሰኞ አንዲት አዋላጅ መጣች። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት የተቃጠለ የተቃጠለ ትሸታታለች። ሁለት ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርሰው በእሷው ነው፤ ከፍርሃቷ የተነሳ አራቱንም መስኮት ከፍታ፣ ትልቁን ልጇን የውሃ ጀሪካን አሳቅፋ ትነዳለች። ዶክተር ገመዱን ሰካና ጤነኛ ናት አለ። እኔም እንዳስተማሩኝ ተንበርክኬ ፍሬኑን አሸተትኩ፣ ወንበሩን ፈትቼ አሸተትኩ፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ አሸተትኩ። ያገኘሁት የልጆቹን ካልሲ ሽታ ነው። እኛ ዘንድ አሳደርናት፣ እኛው ቻርጅ አደረግናት፤ ጠዋት ምንም የለም። ቤቷ ወሰደቻት፤ በማግስቱ ያው ሽታ።

ሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ አለቃዬ ትዕግሥቱ አለቀና እርጉዝ ትሆኚ እንዴ፣ እርጉዝ እኮ የሌለው ሁሉ ይሸታታል አላት። አባባ፣ ለአዋላጅ! ሃያ ዓመት እርጉዝ ሳይ ኖሬ የራሴን ላላውቀው ነው ብላ አፈር ድሜ አበላችው። ከዚያ ግን ድምፅዋ ተሰበረ፤ ልጆቼን በእግር እወስዳለሁ እንጂ ተቃጥለው አላይም አለች። ለካስ መኪናዋን ሳሸት ስሰነብት ሴትየዋን፣ መኪናዋ ቤቷ እንዴት እንደምታድር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ደጇ ተገኘሁ። ዶክተርም ኮምፒውተሩን ታቅፎ ተከተለኝ። አዋላጇ መኪናዋን ቻርጅ የምታደርገው በማራዘሚያ ገመድ ነው፤ ሰው እንዳይጠልፍ ብላ ግን አትዘረጋውም፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደተጠቀለለ ነው የሚያድረው። ከቤት ነቅላ በመስኮት አወጣችው። ክሊኒኳም ስትደርስ ስለምትሰካው ይዛው ትሄዳለች፤ ወደ እኛ የመጣች ቀን ግን ቤት ትተወው ነበር፤ መንገድ ላይ እንዳይንኳኳ ደግሞ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለለችውና፣ አዋላጅ አይደለች፣ እንደ አራስ ልጅ ቀስ አድርጋ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አስተኛችው። ሮጬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ገመዱ እንደ ተቀቀለ ድንች ይፋጃል፣ ጫፉ ቀልጧል፣ ሽታውማ አይነሳ። ትኩስ ሲሆን መብራቱ ጥሩ አድርጎ ገባ ማለት ይመስላት ነበር። ዶክተር ኮምፒውተሩን ከፍቶ ብርድ ልብሱ ላይ የሚሰካበት ቦታ የሚፈልግ ይመስል ጎንበስ ቀና ሲል ሳየው፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሷም አላስቻላትም።

ሳቁ ያበቃው ገመዱ የሚሰካበትን ለማየት ወደ ቤት ስንገባ ነው። ሶኬቱ ያለው ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ግድግዳው ጠቁሯል፤ የመጋረጃው ጠርዝ ተለብልቦ ተኮማትሯል። ከትንሹ ልጅ ትራስ እስከዚያ አንድ ክንድ አይሞላም። ሌሊት መስኮቱ ለገመዱ ሲባል ክፍት ስለሚያድር ሽታው ወጥቶ ይሄዳል እንጂ፣ መኪናዋስ ምንም አልሆነች፤ ስትቃጠል የሰነበተችው ቤቷ ነች። አዋላጇ አልጋው ላይ ተቀምጣ ትራሱን አቀፈች። ዶክተር ማንም ሳያዘው ሄዶ ቆጣሪውን አጠፋ። በዕለቱ ኤሌክትሪሻን ጠርተን ለመኪናዋ ራሱን የቻለ መስመር አስዘረጋንላት። አለቃዬ ይቅርታ ጠይቋታል፤ እኔንም ከእንግዲህ የሸተተ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ባለቤቱን አንተ አነጋግር ብሎኛል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ፣ አባባ። ከአልጋዎ ራስጌ ያለውን ማራዘሚያ ከመሄዴ በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁለት የተበጠሰ ሽቦ አጣምሬ፣ ቴፕ ቢያልቅብኝ በእናቴ የቁስል ፕላስተር ጠቅልዬ፣ ምንጣፍ ሥር ቀበርኩት። ቴሌቪዥኑም፣ የክፍል ማሞቂያውም፣ የእህቴ ካውያም እሱ ላይ ነው። ያኔ ‹‹የልጄን እጅ እዩልኝ!›› ብለው ለጎረቤት አሳይተውልኛል። ከዚያች ጠዋት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በስልክ ስነግርዎት አሥራ አራት ዓመት ያልነደደ ዛሬ አይነድም ብለው ዘጉብኝ። በወረቀት ያልመጣ ነገር ስለማያምኑ ይኸው በወረቀት፣ ከነፊርማዬ፦ ሥራው የማይረባ ሥራ ነበር፤ አፍሬበታለሁ። ባለሙያ ይጥሩ፤ እኔንም ሆነ ራስዎን አይመኑ።

እናቴን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የፕላስተሩን ነገር ይቅር ትበለኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም ይበሉልኝ፤ እጄን ካደነቁት አንዱ እሱ ነውና እሱም ይስማ። አንቺ እህቴ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እዚህ ስትደርሺ አባባ ይሄ ልጅ ፈሪ ሆነ ማለታቸው አይቀርም። አትከራከሪያቸው። ወረቀቱን አስቀምጪና ምንጣፉን ግለጪ።

ልጅዎ
ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፮ ቀን