የቁም ለቅሶ

እንጅባራ፣ የካቲት 1960 ዓ.ም.

ውድ የእህቴ ልጅ በዛብህ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጽሕፈትህ እንዳስተማርሁህ ቀጥ ያለ ነው፤ አሳብህ ግን አላስደሰተኝም። መጋቢት ሲገባ የእርሻ ግብር ገማቾችን አስከትለህ፣ በፖሊስ ታጅበህ እንደምትመጣ ጽፈሃል። «ሕዝቡ እኔን ሲያይ ይረጋጋል» ብለሃል። እንግዲያው በጥር ጊዮርጊስ ዕለት ያየሁትን ልንገርህ።

ፈረሰኛው እንደ ልማዱ ሜዳ ወጣ። ለፓርላማ በተመረጥህ ጊዜ ሕዝቡ አዋጥቶ የሸለመህን ቦራ ፈረስ፣ አንተ በሌለህበት የሚጋልብልህ ጎረቤቴ እንየው ነው። ዘንድሮ አልጋለበውም። ኮርቻው ላይ ጥቁር ጨርቅ ጣለ፤ በላዩ ለምርጫ ያሳተምኸውን ፎቶግራፍ አሰረ፤ ከዚያም በእግሩ እየሄደ፣ በልጓሙ እየሳበ ሜዳውን አዞረው። የሞተ ሰው ፈረስ እንዴት እንደሚመራ ታውቃለህ። አባትህ ሲቀበር ልጓሙን የያዝኸው አንተ ነበርህ። ግልቢያው ቆመ። ሴቶቹ ስምህን እየጠሩ በአገውኛ ሙሾ አወረዱ።

ፈረሱን ደጄ ላይ አስረው እኔን ሊያጽናኑ ገቡ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ አምሳለ።»

«የማንን መርዶ ይዛችሁ ነው?» አልሁ።

«የበዛብህን» አለ እንየው።

«በዛብህ ደኅና ነው።»

«እኛ የላክነው አፋችንን ነበር። ግብሩ ሲወሰንብን ያ አፍ አልተከፈተም። የማይከፈት አፍ የሬሳ ነው።»

«ፍትሐት የሌለው ለቅሶ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው? ቄሱን ጠይቃችኋል?»

ሚስቱ ካሳነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር። «ቄሱም እርሻ አላቸው፣ እትዬ» አለች። ማንም አልሳቀም።

ቢሰድቡህ ይሻለኝ ነበር። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። በልጅነትህ ከወንዝ ያወጣኸውን ጥጃ ሳይቀር እያነሡ ደግነትህን አወሩ። እኔ ለሕያው ሰው ለሐዘን አልቀመጥም ብዬ፣ ፈረሱን ደጄ ትተው እስኪሄዱ ድረስ ቆምሁ።

ከአሜሪካ ጉብኝት ስትመለስ እዚሁ ቤቴ ያወራኸን ትዝ ይልሃል? አንድ ሰው መጀመሪያ ለግዛቱ ምክር ቤት፣ ኋላም ለመላ አገሪቱ ምክር ቤት ተመረጠ አልኸን። ገበሬውን በሚጎዳ ሕግ ተስማምቶ አገሩ ገባ። ገበያ መካከል ጋሪ ላይ ቆሞ እስኪመሽ ሲጠየቅ፣ ሲመልስ ዋለ። በሚቀጥለው ምርጫ ጣሉት፤ ከዓመታት በኋላ ራሳቸው መልሰው መረጡት። አንተ «ሞኝ፣ ማን ጋሪ ላይ ውጣ አለው?» ብለህ ሳቅህ።

«መቱት እንዴ?» ብሎ የጠየቀህ እንየው ነበር።

«የለም፣ ጠየቁት ብቻ» አልኸው።

እንየው ይህን አልረሳም። በለቅሶው ዕለት ከደጄ ሲወጣ «ያ ፈረንጅ ጋሪ ላይ የወጣው ብቻውን ነበር አይደል?» አለኝ።

ትናንት ካሳነሽ ግቢዋ ውስጥ ብዙ ብቅል አስጥታ አየሁ። የምን ድግስ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የበዛብህ የአርባው ተዝካር ነዋ። መጋቢት መግቢያ ላይ ይውላል» አለችኝ። ቀጥላም ብቅሉን እያገላበጠች፣ «ባለቤቱ ራሱም ይደርስበታል አሉ» አለች።

የምትመጣበትን ቀን እኔ አልነገርኋቸውም። ወንዶቹ ሰሞኑን ገበያ አይወጡም፤ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ጠመንጃውን ሲወለውል ይውላል።

ገማቾቹንም ፖሊሶቹንም እዚያው ተዋቸው። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻህን በእግርህ ግባ። ጋሪ ባይኖረንም የምትቆምበት ድንጋይ አይታጣም። ይጠይቁህ፤ አንተም እውነቱን መልስ። ወንበርህን ታጣ ይሆናል፤ ወንበር ይመለሳል።

ጥቁሩን ጨርቅ ከቦራው ላይ ገፍፌ፣ አጥቤ አጥፌዋለሁ። ለሐዘን ልልበሰው ወይስ ልጣለው፣ አንተ ታውቃለህ።

ከአርባህ በፊት ና።

ለሐዘን ገና ያልተቀመጠችው አክስትህ፣
አምሳለ