ማዳመጫውን ያወለቅኩ ቀን

ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለቡ

ዛሬ ጋሽ ታደለ ፊት ማዳመጫውን አወለቅኩ።

ወደ አማርኛ የምንመልሰው ፊልም፣ ሲኒማ ገና መናገር በጀመረበት ዘመን የተሠራ ጥቁርና ነጭ ነው። የአንዲት ዘፋኝና የመምህሯ ታሪክ ነው፤ ሰውዬው ቆሞ ካላያት መዝፈን አትችልም። የልጅቷን ድምፅ የምሰጠው እኔ ነኝ። አዘጋጃችን ጋሽ ታደለ እንደ ልማዱ እያንዳንዱን ንግግር በማዳመጫዬ ቀድሞ ይልልኛል፤ እኔ ቃናውን ሳልለውጥ እደግመዋለሁ። ሥራውን ያስተማረኝም እንደዚህ ነው። እናቴ በቴሌቪዥን ስትሰማኝ "ጋሽ ታደለን ቁጭ" ትለኛለች።

ዛሬ ልጅቷ መምህሯን "ከእንግዲህ የምዘፍነው ለራሴ ነው" የምትልበት ቦታ ደረስን። ጋሽ ታደለ በለቅሶ ድምፅ አለልኝ። ስክሪኑን አየሁ። ልጅቷ አታለቅስም።

"ጋሼ፣ ይቺን ንግግር በራሴ ልበላት" አልኩት።

"አትችያትም" አለኝ።

ማዳመጫውን አውልቄ፣ ረጋ ብዬ፣ የልጅቷን ዓይን እያየሁ ንግግሯን አልኳት። ከከንፈሯ ጋር ልክ ገጠመች። የድምፅ ባለሙያው ዞር ብሎ አየኝ። ጋሽ ታደለ መልሶ አስከፈታት፤ ደግሞ አስከፈታት። ከዚያ "ትለፍ" አለ። እሱ "ትለፍ" ካለ ያለቀ ነው፤ ሰው አመስግኖ አያውቅም።

ስወጣ ግን የማዳመጫዬን ገመድ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ሲከት አየሁት። ሊያባርረኝ ይሁን በራሴ እንድሠራ ሊለቀኝ አላወቅኩም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱን "መብራት ኃይል ወራጅ አለ" ስለው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጮክ ብዬ ኖሯል።