አሥራ አንዱ ቡናማ ጥንዚዛዎች

ውድ ጋሼ ቴዎፍሎስ፣

ጤናዎን በሄቨን በኩል እጠይቃለሁ። ልጅዎ «ደህና ናቸው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አትልም። ስልኬን ስለማያነሱ ጻፍኩ። ከሚኖሩበት ከፓይንሪጅ እስከ ሙዚየሙ የነፍሳት ክፍላችን በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው፤ እርስዎ ከቀሩ ግን ሁለት ዓመት ሆነ። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከወንዙ ዳር ከሰበሰቧቸው፣ ጃኬት ያጠራቸው ከሚመስሉት ባለ አጭር ክንፍ ጥንዚዛዎች መካከል አሥራ አንድ ቡናማዎች ለይተው፣ «አርያም፣ እነዚህ ከጥቁሮቹ ሌላ ዝርያ ናቸው» አሉኝ። ጥንዚዛ ገና ጎልማሳ ሆኖ በወጣ ሰሞን ገላው እስኪጠነክር እንደሚገረጣ እርስዎ ራስዎ ኮምቦልቻ ስንት ዓመት አስተምረዋል። እኔ ግን በበጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ ፊት፣ «ጋሼ፣ ዲፈረንት ስፒሽስ አይደሉም፤ ቤቢ ናቸው! ቢቆዩ ይጠቁሩ ነበር» ብዬ ሳቅኩ። ሁሉም ሳቀ።

«ቀለሙን ተዪው፤ ጭንቅላቱን እዪ፣ ሰፋ ይላል» አሉኝ። አላየሁም። ባለዲግሪዋ እኔ ነበርኩ። እርስዎም መነጽርዎን ኪስዎ ከተው ወጡ።

ባለፈው ማክሰኞ ለሌላ ሥራ እነዚያ ጥንዚዛዎች የተቀመጡበትን ሳጥን ከፈትኩት። እነዚህ ዝርያዎች ላይ ላዩን መንታ ናቸው፤ ቁርጡን የሚናገረው የወንዱ ብልት ነው። (ይህን ቃል በፊትዎ ስናገር አፍር ነበር፤ በወረቀት ይቀላል።) በሙቅ ውሃ አለስልሼ አወጣሁት። የጥቁሮቹ ጫፍ ሹል ነው፤ የቡናማዎቹ እንደ ማንኪያ ክብ። ከአሥራ አንዱ ወንዶቹ አምስት ናቸው፤ አምስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ጭንቅላታቸውንም ለካሁ። ሰፋ ይላል።

እዚሁ ለተወለደችው ኃላፊያችን ለደቦራ ነገርኳት። «ታዲያ ዋይ አልሰማሻቸውም? ሲሪየስሊ!» አለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስለ ጥንዚዛው ማረም እችላለሁ፤ ስለ ሳቁ ግን ይቅርታ ከመጠየቅ ሌላ መላ የለኝም። አፍሬአለሁ፣ ጋሼ። ናፍቀውኛልም።

ዝርያውን የለየው ሰው ስም በሚጻፍበት ወረቀት ላይ የእርስዎን ስም ጽፌ ጥንዚዛዎቹ በተወጉበት በየመርፌው ሰካሁ። የቀድሞውን ወረቀት ማንሳት በሙያችን ነውር ስለሆነ፣ የእኔም ስም ከነስሕተቱ እዚያው አለ። የመጣ ሁሉ ያነበዋል፤ ያንብበው።

የሰካሁት ግን አሥሩን ብቻ ነው። የአሥራ አንደኛውን ወረቀት በእጅዎ እንዲጽፉት ባዶውን ትቼዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ሰዓት ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ነኝ፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ ከዚያም በኋላ። ካልመጡ ያ ጥንዚዛ በእኔ ስሕተት እንደተጠራ ይቀራል።

ያጠፋችው፣
አርያም